ጠዋት ጠዋት እጄ አልታዘዝ ይለኛል

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዕድሜዬ 35 ነው። የምኖረው ጅማ፣ መንደራ አካባቢ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል። እኔ መንገድ ዳር ጀበና ቡና አፈላለሁ። ደንበኞቼ ወደ ሥራ ሲሄዱ የሚጠጡ ናቸው፤ ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ ከሰሉ መያያዝ አለበት።

ችግሬ የጀመረው የዛሬ ዓመት ተኩል ነው። መጀመሪያ ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት ያብጡ ጀመር። የቀኙም የግራውም። ቀለበቴ አልወጣ ብሎኝ በሳሙና ነው ያወጣሁት። ቀጥሎ የእጄ አንጓ፣ ከዚያ የእግሬ ጣቶች ሥር። ከአልጋ ስወርድ ጠጠር ላይ የቆምኩ ይመስለኛል። እጄ በደንብ የሚጨበጥልኝ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ደህና እሆናለሁ፤ ሰው የሚያየኝ ደግሞ ያኔ ነው።

ሰፈር ውስጥ "ሪህ ነው" አሉኝ። ሥጋ ተውኩ፤ ምስርና ሽሮም ቀነስኩ። አማቴ "ብርድ ነው" ብለው ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። ስታሽ እየጮህኩ ነበር፤ ለሳምንት እጄን ማንሳት አቃተኝ። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ደም ተመርምሬ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው ተባልኩ። ሜቶትሬክሴት የሚባል ቢጫ ክኒን በሳምንት አንድ ቀን እንድውጥ ታዘዘልኝ፤ "ይህን እየዋጥሽ እንዳታረግዢ" አሉኝ። ወረፋው ብዙ ስለነበር ሌላ ነገር አልጠየቅኩም።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። "የደም ማነስ መድኃኒት ነው" አልኩት። እሱና እናቱ ሦስተኛ ልጅ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ልጆቼ ሴቶች ናቸው። በኋላ አንድ ደንበኛዬ የመድኃኒቱን ወረቀት አንብቦ "ይሄ እኮ የካንሰር መድኃኒት ነው" አለኝ። ደንግጬ ተውኩት፤ ይኸው ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። የሦስት ወር መርፌውንም ባለቤቴ ሲጨቀጭቀኝ ሳልወጋ ቀረሁ። አሁን የምውጠው ጎረቤቴ ያሳየችኝን ትንሽ ነጭ ክኒን፣ ፕሬድኒሶሎንን ነው። አምስት ወር ሆኖኛል፤ ያለ ማዘዣ ይሸጡልኛል። እሷን ስውጥ ተአምር ነው፣ ቡናዬን እወቅጣለሁ። ፊቴ ሞላ፤ ሰው "አማረብሽ" ይለኛል። ሲብስብኝ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እጨምራለሁ። በጾም በባዶ ሆዴ ስለምውጠው ጨጓራዬ ይቃጠላል።

አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት። "እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጉልበቴን እያመመኝ እንጀራ እጋግራለሁ፤ የዘንድሮ ሴት ጠዋት መነሳት ሞቷ ነው" ይላሉ። የ13 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ውኃ ትቀዳለች፣ ቡና ትወቅጣለች። እያረፈደች ትቆጣለች። ፀጉሯን እንኳ መሥራት አቅቶኝ ጎረቤት ነው የሚሠራላት።

ልንገረው ወይስ ልደብቀው? ብነግረው ሌላ ሴት ቢያይስ? መውለድስ አበቃልኝ? እጄስ ጠምሞ ይቀር ይሆን?

ጠዋት የሚያስፈራኝ፣ ከጅማ

* * *

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ "ሰው የሚያየኝ ደግሞ ያኔ ነው" ያልሽው ያዘኝ። በቤታችሁ ሁለት ሴቶች አሉ ማለት ነው። አንዷ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ጣቷን መዘርጋት አቅቷት አልጋው ጫፍ ላይ የምትቀመጥ። ሌላዋ ከሰዓት በኋላ ከደንበኛ ጋር እየሳቀች አቦል የምትቀዳ። ቤተሰብሽ የሚያውቀው ሁለተኛዋን ብቻ ነው። የመጀመሪያዋን አንቺ ነሽ ደብቀሽ ያኖርሻት። አልወቅስሽም፤ ለምን እንደደበቅሻት ይገባኛል። ግን እስካሁን የከፈልሽበትን ሳየው፣ መደበቁ ከበሽታው ያላነሰ እየጎዳሽ ነው።

ስለ ባለቤትሽ እመለስበታለሁ። ቀን የማይሰጡ ነገሮች ስላሉ ከነሱ ልጀምር።

ከሁሉ በፊት መፀነስ አለመፀነስሽን እወቂ። መርፌው ካለፈብሽ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ጤና ጣቢያ በሽንት ይመረመራል፤ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ሜቶትሬክሴት ፅንስን በጣም ይጎዳል፣ ያስወርዳልም። ስለዚህ እኔ ከዚህ በታች ስለ መድኃኒቱ ደግ ስናገር አንብበሽ ማታውኑ ወደ ቢጫው ክኒን እንዳትመለሺ። መጀመሪያ ምርመራው፣ ቀጥሎ ሐኪሙ።

ነጩን ክኒን ደግሞ በድንገት እንዳታቆሚ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳነብ በመጀመሪያ የመጣልኝ "ጣይው!" ማለት ነበር። ግን እንደዚያ አይሆንም። ፕሬድኒሶሎን ለወራት ሲወሰድ፣ ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ተመሳሳይ ሆርሞን መሥራት ያቆማል። በአንድ ቀን ሲቋረጥ ሰው ሊዝለፈለፍ፣ ግፊቱ ሊወርድ፣ ሕይወቱም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው፤ በስንት በስንት እንደሆነ የሚወስነው ሐኪም ነው። ፊትሽ የሞላውም አምሮብሽ አይደለም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። የክኒኑ ሥራ ነው። በዝምታ ደግሞ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ሰውነት ኢንፌክሽን የሚከላከልበትን አቅም ያዳክማል።

ዳይክሎፌናክና ፕሬድኒሶሎን አንድ ላይ፣ ያውም በባዶ ሆድ፣ ጨጓራ ያቆስላሉ። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ስለ ጾሙ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ለታመመ ሰው ጾም ይቀልለታል፤ ይህን እሳቸው ከእኔ በተሻለ ይነግሩሻል።

ከዚያ ያለሽን ክኒን ሁሉ፣ ነጩንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል አድርገሽ ወደ ሐኪም ተመለሺ። በአገራችን የመገጣጠሚያ በሽታ ልዩ ሐኪሞች በጣም ጥቂት ናቸው። ግን የውስጥ ደዌ ሐኪም ይህን በሽታ ያክማል፤ አንቺ ባለሽበት ከተማ ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አለ። ከገጠር ወረዳ አድረው ወደዚያ የሚመጡ ስንት ሰዎች አሉ! አንቺ በባለቤትሽ ባጃጅ ትደርሻለሽ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ካልሆናችሁ በቀበሌያችሁ ጠይቂ፤ አባል ከሆናችሁም ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈሽ ሂጂ። ወረፋ አለ ብለሽ ደግሞ ዝም አትበዪ። ጥያቄሽን ወረቀት ላይ ጻፊና ገና ስትቀመጪ ስጪው። ሐኪሙም ቢሆን ተጽፎ ሲያየው ሳይመልስ አያልፈውም።

አሁን ስለ በሽታው ራሱ።

"ሪህ" የሚለው ቃል ብዙ ሰው አሳስቷል። በእኛ አገር መገጣጠሚያ ካመመ ሁሉም ሪህ ነው፣ ካልሆነም ቁርጥማት፣ ካልሆነም ብርድ። ሥጋ ተዉ የሚባሉት ሰዎች በሽታ ሌላ ነው። እሱ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር በደም ውስጥ በዝቶ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠራቀም የሚመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የእግር አውራ ጣትን በአንድ ሌሊት ያሳብጣል፤ ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ሥጋና መጠጥ ያባብሱታል። ያንቺ ከዚያ ጋር ስም እንጂ ዘር አይጋራም። ያንቺ በሽታ ሰውነትሽን ሊጠብቅ የተፈጠረው መከላከያ ተሳስቶ የመገጣጠሚያሽን ስስ ሽፋን እንደ ጠላት ሲወጋ የሚመጣ ነው። ለዚህ ነው ቀኝና ግራ እኩል የሚያብጡት። ሴቶችን ከወንዶች ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያጠቃል፤ ብዙውን ጊዜም ከ30 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ብርድ አላመጣብሽም። የጅማ ዝናብም አላመጣብሽም፤ በደረቅና በሞቃት አገርም ሰው ይታመምበታል። ዝናብ ሲመጣ ሕመሙ ይሰማኛል የሚሉ አሉ፤ እሱን አልከራከርም።

እንግዲህ ምስሩንና ሽሮውን መልሺው። ሥጋም ስታገኚ ብዪ። ይህ በሽታ ራሱ ደም ማነስ ያመጣል፤ አንቺ ደግሞ ደም የሚሆንሽን ምግብ ትተሽ ከረምሽ። (ለባለቤትሽ "የደም ማነስ መድኃኒት" ብለሽ የዋሸሽው ነገር እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ሐኪሙ ይመርምርልሽ።) በሽታውን የሚፈውስ ምግብ የለም፤ አለ ብሎ የሚሸጥልሽ ካለ ገንዘብሽን ያዢ። ወጌሻዋንም አልነቅፍም፤ ለወለምታ እጃቸው የተባረከ ሰዎች አሉ። ግን ያበጠና የሚያቃጥል መገጣጠሚያ አይታሽም።

ሁለቱ ክኒኖች ስለሚለያዩበት ነገር ከሰል በምታውቂው ልንገርሽ። ፍም ላይ አመድ ስትበትኚ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ቀዩም አይታይም። ከሥር ግን እየነደደ ነው። ዳይክሎፌናክ አመድ ነው። ነጩም ባንቺ አወሳሰድ ከአመድ ብዙ አይሻልም፤ ሐኪም ለአጭር ጊዜ ሲያዘው ግን ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። ሜቶትሬክሴት እሳቱን ነው የሚቀንሰው። ችግሩ ቀስ ይላል፤ ለመሥራት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ሰው በአራተኛው ሳምንት "ምንም አልሠራልኝም" ብሎ የሚጥለው ለዚህ ነው። ነጩ በማግስቱ ይሠራል፣ ስለዚህ ወዳጅ ይመስላል።

ደንበኛሽም አልዋሸሽም። ሜቶትሬክሴት የካንሰር መድኃኒት ነው፤ ግን እዚያ የሚሰጠው እጅግ በሚበልጥ መጠን ነው። ላንቺ በሽታ ጥቂት ክኒን በሳምንት አንዴ ነው። አሜሪካ ለዚህ በሽታ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚያዙት እሱን ነው። የምፈራልሽ ሌላ ነገር ነው። በስህተት በየቀኑ ከተዋጠ ይመርዛል፣ ይገድላልም። ስለዚህ ሐኪሙ መልሶ ካዘዘልሽ አንድ ቀን ምረጪ። ጅማ ነሽና ሐሙስ ይሁን፤ የሂርማታ ገበያ ቀን ማን ይረሳል? ሐሙስ ቢጫው። ፎሊክ አሲድ የሚባለውንም እንዲያዝልሽ ጠይቂ፤ የቢጫውን ጉዳት ይቀንሳል፣ በሌላ ቀን ነው የሚዋጠው። የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ በየጊዜው ያስፈልግሻል፤ መጀመሪያ አካባቢ ቶሎ ቶሎ፣ በኋላ በየ3 ወሩ ገደማ። አረቄና ጠላ ራቂ። ትኩሳት፣ የአፍ ውስጥ ቁስል፣ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን ካየሽ ክኒኑን ሳትውጪ ሐኪም ጋ ሂጂ።

እና እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስቢ። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤት ውስጥ ቀኑን የሚያውቅለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። አንድ ቀን ራስሽን ብትስቺ ባለቤትሽ ለሐኪሙ ምን ይላል? "የደም ማነስ መድኃኒት ትወስዳለች።"

እጄ ጠምሞ ይቀራል ወይ ብለሻል። አክስቴ ጣቶቿ ወደ ውጭ ተጣመው ነው ያረጀችው። እኔ ልጅ ሆኜ ሲኒ በሁለት መዳፏ መካከል ይዛ ስትጠጣ አስታውሳለሁ፤ እንደ ጸሎት ይመስለኝ ነበር። በእሷ ጊዜ "ብርድ ነው" ተብሎ ቀረ፤ ማንም መድኃኒት አልሰጣትም። ያንቺ ነገር እንደዚያ አይደለም። ዛሬ ቶሎ ታክመው ክትትላቸውን ሳያቋርጡ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች እጃቸው አይጠምም፤ አንዳንዶቹ ሕመሙ ጭራሽ ይጠፋላቸዋል። ቃል ልገባልሽ አልችልም። ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብዙ ይወስናሉ፤ አንቺ ገና ውስጣቸው ነሽ።

ወደ ልጁ ጉዳይ። "እሱና እናቱ ሦስተኛ ልጅ ይፈልጋሉ" ብለሻል። ደብዳቤውን መልሼ አየሁት፤ አንቺ ትፈልጊ እንደሆነ የትም አልጻፍሽም። ትፈልጊያለሽ? ይህን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺ። ምክንያቱም መንገዱ የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

ከፈለግሽ፣ አላበቃልሽም። ይህ በሽታ ያለባቸው ሴቶች ይወልዳሉ። ግን ታቅዶ ነው። ሜቶትሬክሴት ከመፀነስ በፊት ይቆማል፤ ብዙውን ጊዜ ወደ 3 ወር ይጠበቃል። በምትኩ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ወይም ሰልፋሳላዚን የሚባሉ፣ በእርግዝና ጊዜ ሊወሰዱ የሚችሉ መድኃኒቶች አሉ። እንዲያውም ብዙ እናቶች ሲያረግዙ ሕመሙ ቀለል ይልላቸዋል፤ ከወለዱ በኋላ ግን ሊያገረሽ ይችላል፣ ስለዚህ የአራስ ቤት እርዳታ ከወዲሁ ይታሰባል። መጀመሪያ በሽታው ይረጋጋ፣ ከዚያ ይፀነስ፤ ሐኪሞች የሚመክሩት ይህን ነው። እስከዚያ አስተማማኝ መከላከያ ያዢ፤ መርፌው ይሁን በክንድ የሚቀበረው፣ ፕሬድኒሶሎን እንደወሰድሽ ነግረሽ አማክሪ። ካልፈለግሽ ደግሞ፣ "አልፈልግም" ማለት ያለ ሐኪም ወረቀትም ይቻላል።

"ሁለቱም ሴቶች" ስላልሽው፣ የልጅ ጾታ የሚወሰነው በአባት ዘር ነው። ይህን ለአማትሽ እንድትነግሪያቸው አልመክርሽም። አንቺ ግን እወቂው።

አሁን ባለቤትሽ። ልንገረው ወይ ላልሽው መልሴ አዎ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ላስቀድም። "ሌላ ሴት ቢያይስ" ያልሽው ከዚህ በፊት ያደረገው ነገር ስላለ ነው ወይስ ሕመም የወለደው ፍርሃት? ከዚህ በፊት እጁን ያነሳብሽ ወይም ያስፈራራሽ ሰው ከሆነ፣ መጀመሪያ የምትነግሪው ለእሱ አይሁን፤ ለእህትሽ፣ ለወንድምሽ ወይም ለምታምኚው ሽማግሌ ይሁንና አብሯችሁ ይቀመጥ። እንዲያ ካልሆነ፣ ይህ ሰው እስካሁን ስለ በሽታሽ አልተፈተነም። የሚያውቀው ነገር የለማ። እየጨቀጨቀሽ ያለው ጤነኛ የመሰለችውን ሚስቱን ነው።

ማታ ደክሞት ሲገባ አትንገሪው። ጠዋት ንገሪው። 11 ሰዓት ላይ፣ መብራት ሳታበሪ፣ እጅሽን እጁ ላይ አድርጊና "እስቲ ጨብጪኝ በለኝ" በዪው። ጣቶችሽ ሳይታጠፉ ሲቀሩ ይሰማዋል። ለመናገር ያሰብሽውን ግማሹን እጅሽ ይጨርሰዋል። ቀሪውን አጭር አድርጊው፤ "የምወስደው መድኃኒት የደም ማነስ አይደለም። ፈርቼ ነው የደበቅኩህ። ለልጁም የሚሆነውን ሐኪም ይንገረን፤ አብረኸኝ ሂድ።" ሊቆጣ ይችላል፤ በተለይ ስለ ውሸቱ። ይቆጣ፤ ውሸቱ ያስቆጣል። ዋናው ግን ሐኪሙ ፊት አብሮሽ መቀመጡ ነው። "እንዳታረግዢ" የሚለውን ከአንቺ አፍ ሲሰማና ከሐኪም አፍ ሲሰማ አንድ አይደለም። ይህን ስል አንቺን ማሳነሴ አይደለም፤ ባሎችን ስለማውቅ ነው።

አማትሽ ደግሞ ክፉ ሰው አይመስሉኝም። ጉልበታቸው የእውነት ያማቸዋል፤ እያመማቸው መሥራታቸውም እውነት ነው። ግን የሳቸው ሕመም ካንቺ ሌላ ነው። የሳቸው ዕድሜ የበላው መገጣጠሚያ ነው፤ ጠዋት ጥቂት ደቂቃ ይይዛቸውና ይለቃቸዋል፣ ብዙ ሲሠሩ ማታ ይብስባቸዋል። ያንቺ ተቃራኒው ነው። ተኝተሽ ስታድሪ ይደርቃል፣ ከተንቀሳቀስሽ ሰዓታት በኋላ ይላላል። እሳቸው ራሳቸውን መለኪያ አድርገው ስለሚያዩሽ ጠዋት ሰነፍ ትመስያቸዋለሽ፤ ከሰዓት በኋላ ስትስቂ ሲያዩ ደግሞ ጥርጣሬያቸው ይረጋገጣል። ይህን ልጃቸው ቢያስረዳቸው ይሻላል። አንቺ ከነገርሻቸው ከክርክር አያልፍም። አንድ ነገር ግን አንቺው ለምኛቸው፤ ጠዋት ከሰሉን እሳቸው እንዲያያይዙልሽ። እርዳታ የተጠየቀ ሽማግሌ ልቡ ይራራል፤ ቢያንስ እኔ ያየሁት እንደዚያ ነው።

ሥራሽን እንድትተዪ አልመክርሽም። ከገንዘቡ ሌላ፣ እጅሽ መንቀሳቀስ አለበት። ግን እጅሽን የምታደክሚበት ቦታ ይቀየር። ማታ ፔርሙዝ ሙቅ ውኃ ሞልተሽ አልጋሽ አጠገብ አኑሪ። ስትነሺ ሳፋ ውስጥ ገልብጪና ለብ አድርገሽ ሁለቱንም እጅሽን ለ10 ደቂቃ ያህል ንከሪ፤ ውኃው ውስጥ እየጨበጥሽ እየዘረጋሽ። ሙቀጫና ዘነዘናውን ተዪው። ይህን በጅማ ማለት ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ! ደንበኛ "የተወቀጠ ይሻላል" ይልሻል። ወይ ከሰዓት በኋላ እጅሽ ሲፈታ ለነገ የሚሆነውን ፈጭተሽ አሳድሪ፣ ወይ ወፍጮ ቤት አስፈጪ፣ ወይ ባለቤትሽ ማታ ይውቀጥ። ባጃጅ የሚያዞር ክንድ ዘነዘና አይከብደውም። ጀበናዋን ግማሽ ሙዪና በአንድ እጅ እጀታዋን፣ በሌላው ጨርቅ ይዘሽ ከሥር ደግፊያት። ማንኪያና ቢላ እጀታቸው ላይ ጨርቅ ጠቅልዪ፤ ወፍራም እጀታ ጣትን ብዙ አያስጨንቅም። ዘንቢል በጣት አታንጠልጥዪ፣ ክንድሽ ላይ ይሁን። ልብስ ስታጥቢ አትጠምዝዢ፤ ጨምቀሽ በመዳፍሽ ተጫኚው።

ያቺ የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ደግሞ ውበቷ ይቅር ይበለኝና ላንቺ አትሆንም። ዝቅ ስለምትል ስትነሺ ጣቶችሽን መሬት ተክለሽ ነው የምትነሺው። ከፍ ያለ ወንበር ፈልጊ፣ ረከቦቱንም ከፍ አድርጊው። በጣም ያበጠብሽ ቀን እረፊ፤ ሌላውን ቀን ግን ማታ ማታ ቀስ ብለሽ ተራመጂ። ይህ በሽታ ለልብም ደግ አይደለም፣ መራመዱ ለሁለቱም ነው።

ስለ ሰዓቱም አስቢበት። የግድ 12 ሰዓት ላይ አንቺ መሆን አለብሽ? ከጎንሽ የምትሸጥ ሌላ ሴት ካለች፣ ጠዋቱን እሷ ይዛ ከ3 ሰዓት በኋላ ያለውን አንቺ ብትይዢስ? የቁርስ ደንበኛ ሊቀንስብሽ ይችላል። የበረካ ሰዓት ግን ያንቺ ነው።

ልጅሽን መጨረሻ ላይ ያደረግኳት ትንሽ ስለሆነች አይደለም። የ13 ዓመት ልጅ እናቷን ማገዟ ጥሩ ነው፤ ትምህርቷ ላይ እያረፈደች ከሆነ ግን ዋጋው በዝቷል። ውኃው በባለ 20 ሊትር ጀሪካን መቀዳቱ ይቅር። ባለ 5 ሊትር ብዙ ግዢ፣ ወይ ለጋሪ ክፈዪ፣ ወይ ባጃጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ያመላልስ። ለእሷም ንገሪያት። ልጆች የእናታቸውን ሕመም ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ ስሙን ስለማያውቁ ግን ከሆነው የባሰ አድርገው ያስቡታል። "አልሞትም፤ እጄን ጠዋት ያመኛል፤ ሐሙስ መድኃኒቴን አስታውሺኝ" በያት። ለመምህሯም አንድ ቀን ሄደሽ ንገሪ።

ፀጉሯን ደግሞ ለጎረቤት ሙሉ በሙሉ አትልቀቂው። ሹሩባ አጥብቆ መሥራት ለጊዜው ይቅርብሽ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እጅሽ በተፈታበት ሰዓት፣ ቅባት ቀቢያትና አበጥሪላት። እጀታው ላይ ጨርቅ የጠቀለልሽበት ሰፊ ማበጠሪያ ይሁን። አንድ ወፍራም ጉንጉን ከቻልሽ እሱን ሥሪ። ቢላላ ቢላላ ነው፤ እሷ እንደሆነ ሰኞ ትምህርት ቤት ስትሄድ "እናቴ ነች የሠራችልኝ" ትላለች።

የሽንት ምርመራውን ውጤትና ሐኪሙ ያለሽን ጻፊልኝ።